የመጨረሻው ሰው ሲደርስ

(በመምህራን የሙያ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ ስለ መምህር ዕረፍት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ጡረታ ወይም ስለ ክረምት ወራት ዕረፍት እናገር ዘንድ የጠበቃችሁ ጥቂቶች አትሆኑም። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ ብስክሌት ነው። ይኸውም ቅዳሜና እሑድ ተሰባስበን፣ ለመጨዋወትና ለጤና ስንል ከከተማ ወጣ ብለን ስለምናደርገው የማኅበር ጉዞ ነው። ርእሱ ቀላል መስሎ ቢታያችሁ አልፈርድባችሁም፤ ለእኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ቅዳሜ በአንድ ዐቀበት ላይ የደረሰው ነገር፣ ብዙ ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜ ያላስተዋልሁትን አሳይቶኛልና፣ ዛሬ እርሱን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

አስቀድሜ ስለ መንገዱ ልናገር። ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ ሐሙሲትን አልፎ፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ የሚደርሰው መንገድ በአመዛኙ በፎገራ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው። ግራና ቀኙ የሩዝ ማሳ ነው። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ደግሞ በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራው፣ ደብረ ታቦርንና ጋይንትን አቋርጦ ወልድያ የሚደርሰው፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው መንገድ ነው። እስከ ዛሬም ብዙ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ ደብረ ታቦር ግን 2700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ40 ኪሎ ሜትር እጅግም አይበልጥም። እንግዲህ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ፣ ብስክሌተኛው የራሱን ክብደትና የብረቱን ክብደት 900 ሜትር ያህል ወደ ላይ ማንሣት አለበት ማለት ነው። ከደብረ ታቦር ወዲያ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል፤ ከእርሱም ወዲያ ጋይንት አለ፤ በጋይንትም ውስጥ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ቤተ ልሔም አለ። የጉዞ ጓደኞቼ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የተመኙት መድረሻ ይኸው ቤተ ልሔም ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ብስክሌት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ በተደረገው ውድድር፣ ከሯጮቹ ጋራ ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ባሕር ዳርን የምታውቁ ሁሉ፣ ከተማይቱ ሜዳማ በመሆኗ ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ይመላለስባት እንደ ነበር፣ በሰዓት ሒሳብ ብስክሌት የሚያከራዩ ሰዎችም በየሰፈሩ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ይህ ልማድ እየሳሳ መሄዱን ዐይናችን አይቷል። በአዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ ጎዳናዎች በእሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተከፍተው ነበር።

የእኛ ማኅበር ታሪክ ከነዚህ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። መተዳደሪያ ደንብም፣ ማኅተምም አልነበረንም። ሰባት መምህራን ነበርን። ከመካከላችን ሦስቱ ማርሽ ያለው ብስክሌት ነበራቸው፤ የቀረነው ከባድና ማርሽ የሌለው ብስክሌት እንነዳ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ፣ እሑድም ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ፣ ፓምፕና የጎማ መለጠፊያ፣ ውሃና ዳቦ ቆሎ ይዘን እንወጣለን። ደብተር ሳናርም፣ ፈተና ሳናወጣ፣ ለጥቂት ሰዓት ሳንባችንን ንጹሕ አየር ሞልተን እንመለሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል፤ እኛም በአንድ ማለዳ ያን እናሟላለን እያልን እንኩራራ ነበር።

በሜዳው ላይ ስንጓዝ የኅብረት ጥቅሙ ያለ አስተማሪ ይገባል። ብስክሌተኛን በሜዳ ላይ አብዝቶ የሚያደክመው ነፋስ ነው፤ የነፋሱም ግፊት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ከፊት የሚሄደው ሰው ነፋሱን ሲሰብር፣ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ከድካሙ ሩቡን ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቀንስለታል። ስለዚህ ብርቱው ከፊት ሆኖ ይቈይና፣ ሲደክመው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሌላው ይተካዋል። በዚህ ዐይነት ደካማውም ከብርቱው ጋራ እኩል ይጓዛል። በፎገራ ሜዳ ላይ ሰባታችንም አንድ ሰው መስለን እንሄድ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ወዳጅነታችንም ፍጹም ይመስለን ነበር።

ዐቀበት ላይ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። በሰዓት 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ብቻ እየተጓዘ ዳገት ለሚወጣ ሰው ነፋሱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የሚከብደው የገዛ ሸክሙ ነው። ሸክሙን ደግሞ ከፊት ያለው ሰው ሊቀንስለት አይችልም። አየሩም ከፍታው በጨመረ ቍጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ በ3000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ከዐሥር ሰባት እጅ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በሜዳ ላይ ባልንጀራን ለመርዳት ከፊቱ መቅደም ይበቃል። በዐቀበት ላይ ግን ልናደርግለት የምንችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም መጠበቅ ነው።

መጠበቅን የምናውቅ ይመስለን ነበር። አንድ ቅዳሜ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ፣ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት ባልደረባችን ወደ ኋላ ቀሩ። ማርሽ የሌለውን ብስክሌታቸውን አንዳንድ ጊዜ እየነዱ፣ አንዳንድ ጊዜም ወርደው እየገፉ ይመጡ ነበር። እኛ ስድስታችን ወደ ዓለም ሳጋ ደን አካባቢ ስንደርስ ቆምን። ከጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ውሃ ጠጣን፤ ዳቦ ቈረስን፤ ስለ ትምህርት ቤታችንም አንሥተን ሣቅን። ከሩብ ሰዓት በኋላ እርሳቸው ላብ አጥምቋቸው ብቅ አሉ። ደስ አለን። «እንኳን ደኅና መጡ!» አልናቸው። ወዲያውም፣ ሁላችን ተሟልተናልና፣ ተነሥተን ብስክሌታችን ላይ ወጣን። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ጠበቅናቸው፤ ሁለት ጊዜም እንዲሁ ተነሣን። በዚያ ቀን ማታ እያንዳንዳችን ባልንጀራችንን ጥለን እንዳልሄድን እየተማመንን ተኛን።

በሚከተለው ሳምንት እርሳቸው አልመጡም። በሦስተኛውም ሳምንት ቀሩ። ታመው ይሆናል ብዬ ቤታቸው ሄድሁ። ቡና ተፈላ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጫወትን፤ ስለ ጉዞው ግን አንድም ቃል አላነሡም። ልወጣ ስል ግን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። ፈገግ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «እናንተ ስታርፉ እኔ እመጣለሁ፤ እኔ ስደርስ እናንተ ትነሣላችሁ። ቅር አላለኝም፤ ነገር ግን ሙሉ ቀን ያላረፈው እኔ ብቻ ነኝ።»

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ነገሩን ልብ በሉት። ጠበቅናቸው ያልነው እውነት ነው፤ ሰዓት ቈጥረን ብንከራከር የምንረታው እኛ ነን። ነገር ግን በዚያ መጠበቅ ውስጥ ዕረፍቱ ሁሉ ለብርቱዎቹ ደረሰ፤ ዕረፍት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው ግን ያለ ዕረፍት ወጣ። ማንም ክፉ አላሰበም። ልማዱ ራሱ ነበር ክፉ። መንገድ ላይ ቆመው ቢሰድቧቸው እንኳ ይህን ያህል ባልራቁ፤ ደካማን ከማኅበር የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ስድብ ሳይሆን እንዲህ ያለ፣ ማንም የማይከሰስበት ልማድ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሕግ አወጣን። ሕጉም ይህ ነው፦ ዕረፍት የሚቈጠረው የመጨረሻው ሰው ከደረሰ በኋላ ነው። እርሳቸው ደርሰው፣ ተቀምጠው፣ ውሃ ጠጥተው፣ «እንሂድ» ካላሉ ማንም አይነሣም። ሁለተኛም፣ ዐቀበቱ ሲጀምር ከፊት የሚሄዱት እርሳቸው እንዲሆኑ ለመንናቸው። ከብዙ ልመና በኋላ እሺ አሉ። በመጀመሪያው ቀን ጉዞው ከቀድሞው አንድ ሰዓት ያህል ዘገየ። ነገር ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዐቀበቱን እየተነጋገርን ወጣን።

ዋጋ አልተከፈለበትም አልልም። ከመካከላችን ሁለቱ ወጣቶች በዚህ አካሄድ ተሰላችተው፣ «እኛ ጉልበታችንን መፈተን እንሻለን» ብለው ተለዩን። አልተቀየምናቸውም፤ ፍላጎታቸውም ትክክለኛ ነው። እንዲህ ያለው መለያየት በሌላም አገር ደርሷል። በፈረንሳይ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ኦዳክስ የሚባል የረዥም መንገድ የብስክሌት ጉዞ ሥርዐት ተጀምሮ ነበር። በዚህ ሥርዐት ሁሉም በአንድነት፣ በመንገድ አለቃ እየተመሩ፣ በተወሰነ ፍጥነት ይጓዛሉ፤ ፍጥነቱም ኋላ በሰዓት 22.5 ኪሎ ሜትር ሆኖ ጸንቷል። እ.ኤ.አ. በ1921 ግን፣ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ በነጻ ፍጥነት ይሂድ ያሉት ከነዚያ ተለዩ። ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ አሉ። ሁለቱም መልካም ናቸው። ሰው ግን የትኛው ማኅበር ውስጥ እንዳለ አውቆ መግባት አለበት። ለብቻው የሚሮጥ ማኅበር ራሱን «የወንድማማች ጉዞ» ብሎ ከሰየመ፣ ያኔ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

እኛስ ሁለት ሰው አጥተን ምን አገኘን? በዓመቱ ሦስት ሴቶች መምህራን ተቀላቀሉን። ቀድሞ ለምን እንዳልመጡ ስንጠይቃቸው፣ ከኋላ ቀርተው መሣቂያ እንዳይሆኑ ፈርተው እንደ ነበር ነገሩን። በቀድሞው ልማዳችን ብንቀጥል ኖሮ፣ እነርሱ እንደማይመጡ እንኳ አናውቅም ነበር።

ደግሞም ይህ ዐቀበት ከኛ በፊት ብዙ አይቷል። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ ጉዞው ወራት ወስዷል። መንገድ እየተጠረገ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ሠራዊቱ ሁሉ በመድፉ ልክ ይጓዝ ነበር። ያ ጉዞ በግዳጅና በብዙ መከራ የተደረገ ነውና ለምሳሌነት አላቀርበውም። አንድ ነገር ግን ያስረዳናል፤ በዐቀበት ላይ የጉዞውን ፍጥነት የሚወስነው ምንጊዜም ከሁሉ የከበደው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ ይህን ሕግ መሻር አልቻሉም። ለከባድ ብረት ይህን ያህል ከታገሡ፣ እኛ ለባልንጀራ መታገሥ እንዴት ያቅተናል?

አሁን ወደ ቤተ ልሔም ልመለስ። የዜማ ትምህርት ታሪክ ለምታውቁ፣ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን መንገር አያስፈልግም። ድጓን በሌላ ስፍራ የተማረ ደቀ መዝሙር፣ መምህር ይሆን ዘንድ ሲሻ፣ ጓዙን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ጋይንት ይወጣል፤ በዚያም ተቀምጦ ያስመሰክራል። ቆማና አጫብር የራሳቸው የዜማ ስልት እንዳላቸው ሁሉ፣ ቤተ ልሔምም በስሟ የሚጠራ ስልት አላት። እንግዲህ ከእስቴና ከስማዳ፣ ከጎጃምና ከሸዋ የመጣው ተማሪ ሁሉ ያንን ዐቀበት ያውቀዋል። እኛ ዘመናዊ መምህራን ቤተ ልሔምን መድረሻችን ያደረግነው፣ ከኛ በፊት የነበሩት መምህራን የመምህርነት ማዕርግ ሊቀበሉ የወጡበትን ዳገት፣ እኛም አንድ ጊዜ በገዛ ጉልበታችን እንድናውቀው ነው።

ከዚያ ትምህርት ቤት የምንወስደው ምሳሌ ሁለት ነው። አንደኛው የማኅሌቱ ሥርዐት ነው። ማኅሌት በጽፋት አይጀመርም። አስቀድሞ ቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ ዝማሜው በመቋሚያ ይመጣል፤ ከዚያም ከበሮው በመረግድ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ጽፋቱ የሚደርሰው ሁሉም በአንድ ልብ ከሆነ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው የሚሮጥ ጉባኤ ዜማውን ያፈርሰዋል። እኛም ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር እንደ ቁም ዜማ ቈጥረን በቀስታ እንሄዳለን፤ ቁልቁለቱንም ቢሆን ፍሬናችንን ጠብቀን፣ በመካከላችን ሰፊ ርቀት ትተን እንወርዳለን፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና።

ሁለተኛው ምሳሌ የጉባኤ ቤቱ አኗኗር ነው። በአንድ መምህር ሥር ጀማሪውም ሊፈጽም የቀረበውም በአንድነት ይቀመጣሉ። አንጋፋው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽለዋል፤ በማስቀጸሉም የራሱን ትምህርት ያጸናል። ታናሹ ዘገየ ብሎ ጉባኤው አይበተንም። እኛ ግን በክፍላችን ውስጥ ምን እናደርጋለን? ከፊት ተቀምጠው እጅ የሚያወጡት ሦስትና አራት ልጆች «ገባን» ሲሉ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንሻገራለን። ከኋላ ያለው ልጅ እያለከለከ ሲደርስ፣ እኛ እንነሣለን። «ጠበቅሁት፤ ክለሳ አድርጌያለሁ» እንላለን። ነገር ግን ክለሳውን በሰማበት ሰዓት ገና መድረሱ ነበር፤ አላረፈም። ልጁም አንድ ቀን ይቀራል፤ ምክንያቱንም አይነግረንም። እኔ ስንቱን ልጅ እንዲህ አድርጌ እንደ ሸኘሁት፣ ያ ሽማግሌ ባልደረባዬ ቡና ላይ እስኪነግሩኝ ድረስ አላሰብሁትም ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ስናገር መንገዳችን እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ አልዘነጋሁም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቈይተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ መምህሩም የተቸገረውን ችግር እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ብስክሌት መናገር ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር፣ አልቈጣውም። እኛም ከከተማ መውጣቱን ትተን፣ በጠራ ቀን ብቻ ባጭር ርቀት ከመዞር በቀር ወደ ጋይንት አልወጣንም። ቤተ ልሔምን እስከ ዛሬ አላየናትም። ነገር ግን ያ አጭር ዙር አልተቋረጠም። በዚያ ዙር ላይ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፣ ደመወዙ የዘገየበት፣ ዘመዱን የቀበረ መምህር፣ ቤቱ ተቀምጦ ለማንም የማይነግረውን ነገር ከጎን ለጎን እየነዳ ለባልንጀራው ሲነግር ሰምቻለሁ። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያፍርበትን ነገር፣ ዐይኑን መንገዱ ላይ አድርጎ ይናገረዋል። ስለዚህ ቅንጦት ነው ብዬ አላምንም።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየከተማው ያላችሁ አባላት፣ አምስትም ስድስትም ሆናችሁ፣ ቅዳሜን ወይም እሑድን መርጣችሁ ጀምሩ። ውድ ብስክሌት አያስፈልግም፤ ፍሬኑ የሚይዝ ከሆነ ይበቃል። የምትወጡበትን መንገድ ደኅንነት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከፊትም ከኋላም አንድ አንድ ኃላፊ ሹሙ፤ የኋላውም ኃላፊ ማንንም ከኋላው እንዳያስቀር አደራ ስጡት። በገበያ ቀን አህያና በግ የሚነዳውን ገበሬ አክብራችሁ አሳልፉ፤ መንገዱ ከናንተ በፊት የእርሱ ነበርና። ከሁሉም በላይ ግን ያችን አንዲት ሕግ አትርሱ፤ ዕረፍት የሚቈጠረው የመጨረሻው ሰው ከደረሰ በኋላ ነው።

ሰላም ወርዶ የጋይንት መንገድ በተከፈተ ጊዜ፣ በአንድ ወገን ከባሕር ዳር፣ በሌላውም ከእስቴና ከስማዳ ተነሥተን በቤተ ልሔም እንድንገናኝ ከባልደረቦቼ ጋራ ቃል ተገባብተናል። መቼ እንደምንደርስ አላውቅም። ከፊት የሚሄዱት ግን እኒያው ሽማግሌ ባልደረባችን ናቸው፤ ብስክሌታቸውም እስከ ዛሬ ማርሽ የለውም። ከናንተ መካከል የሚሻ ሁሉ ይከተለን፤ ማንም ወደ ኋላ ቢቀር እንጠብቀዋለን፤ ሲደርስም እናሳርፈዋለን።